ከማኅበሩ የተለየ ዓሣ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ንብ ቀፎ ተጨዋውተን ነበር። ንብ በማኅበር እንደምትኖር ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቅ የለም። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን በሰሐን ላይ ካልሆነ በቀር ልብ ብለን አይተነው ስለማናውቀው፣ ድምፅ ስለሌለው ማኅበርተኛ፣ ስለ ዓሣ እንነጋገራለን። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ በማኅበር መኖር የለመደ ዓሣ ከወገኖቹ ቢለይ ምን ይሆናል? በዚያ ላይ ምግብ ቢያጥርበትስ? ነገሩ የዓሣ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ እስከ መጨረሻው ቢታገሠን ራሱ ይፈርዳል።

በመጀመሪያ አንድ የልጅነት ታሪኬን ልናገር። ንፋስ መውጫን የሚያውቅ ሁሉ ስሟ በከንቱ እንዳልወጣላት ይመሰክራል። ከተማዪቱ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ናት። ንፋሱ ጋቢ ያስደርባል፤ ውሃው ጥርስ ያንገጫግጫል። በዚህ አገር ያደገ ልጅ በግና ገብስ እንጂ ዓሣ አያውቅም። እኔም ዓሣን በሕይወት ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት፣ አያቴ የጉልበታቸውን ሕመም ሊታጠቡ ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ሲወርዱ ተከትያቸው በሄድሁ ጊዜ ነው። ዋንዛዬ በጉማራ ወንዝ ዳር የሚገኝ ፍል ውሃ ነው። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ወንዙም ጎድሎና ጠርቶ ነበር።

አያቴ ከፍል ውሃው ገብተው ሳለ እኔ ከወንዙ ዳር ተቀመጥሁ። ጥልቀት በሌለው ስፍራ ከጣት የማይረዝሙ ብዙ ትናንሽ ዓሦች ተሰብስበው አየሁ። ጥላዬ ሲያርፍባቸው ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ እጄን ሳነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይላሉ። አዛዥ የላቸውም፤ ነገር ግን ወደ ኋላ የሚቀር አንድ እንኳ አልነበረም። ግማሽ ቀን ስታገል ውዬ በነጠላ ጫፍ አንዲቱን ያዝሁና ውሃ በሞላሁበት የማርመላታ ጠርሙስ ከተትኋት። ሀብት ያገኘ ሰው መስዬ ጠርሙሱን በሁለት እጄ አቅፌ ወደ ንፋስ መውጫ ተመለስሁ።

ከቤት እንደ ደረስን ጠርሙሱን ከመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥሁት። የእንጀራ ፍርፋሪ ጣልሁላት፤ አልነካችም። ጥቂት በሶ በተንሁላት፤ እርሱንም አልነካች። አንድ ጊዜ ከጠርሙሱ ጥግ ተለጥፋ ጸጥ ትላለች፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ያለ ምክንያት ተወርውራ ከመስታወቱ ጋር ትጋጫለች።

«እማማ፣ ለምን አትበላም?» ብዬ አያቴን ጠየቅሁ።

አያቴ እሳቱን እየቆሰቆሱ «ከዘመድ የተለየ ምን ብሎ ይበላል ልጄ? እዚያው ከወንዟ ብትተዋት ይሻል ነበር» አሉኝ።

ዋንዛዬ ሩቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጧት ዓሣዪቱን በጎኗ ተንሳፋ አገኘኋት።

እርግጥ ነው፤ ያች ዓሣ የሞተችው በብቸኝነት ብቻ ነው ብል እውነቱን መሸፈን ይሆንብኛል። ጠርሙሱ ጠባብ ነበር፤ በውሃው ውስጥ ያለው አየር ቶሎ ያልቃል፤ የንፋስ መውጫም ሌሊት ለጉማራ ዓሣ ብርቱ ብርድ ነው። ይሁንና የአያቴ ቃል በልቤ ቀርቶ ነበርና፣ አድጌ የሊቃውንትን ጽሑፍ ለመመልከት በበቃሁ ጊዜ፣ እርሳቸው በምድጃ ዳር የተናገሩት ነገር በላቦራቶሪ ተመዝኖ አገኘሁት።

እንደሚገመተው ከዓሣ ዓይነቶች ግማሽ ያህሉ ቢያንስ በልጅነታቸው ወራት በመንጋ ይኖራሉ። ለምን? የመጀመሪያው ምክንያት ጠላት ነው። አንድ ዓሣ ሁለት ዓይን ብቻ አለው፤ መቶ ዓሣ ግን ሁለት መቶ ዓይን አለው። ወፍ ወይም ትልቅ ዓሣ ሲመጣ አንዱ ቀድሞ ካየ ሁሉም ያመልጣሉ። ከዚህም በላይ ታላቁ የኦስትሪያ ተወላጅ ሊቅ ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ያው የንብን ጭፈራ ትርጉም የገለጠልን ሰው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1938 አንድ አስገራሚ ነገር አስታወቀ። ይኸውም አንዲት ትንሽ ዓሣ ቆዳዋ ሲቆስል በውሃው ውስጥ የሚሰራጭ ልዩ ቅመም ከቁስሉ ይወጣል፤ ወገኖቿም ያን ባሸተቱ ጊዜ ደንግጠው ይሰበሰባሉ፣ ወይም ይሸሻሉ። እንግዲህ የአንዱ ቁስል ለሌላው ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ነው። ብቻውን የሚኖር ዓሣ ግን ይህን የሚነግረው ጎረቤት የለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ምግብ ነው። በ1982 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በትልቅ መንጋ ውስጥ ያሉ ዓሦች የተደበቀ ምግብ ለማግኘት የሚወስድባቸው ጊዜ በትንሽ መንጋ ካሉት ያነሰ ነው። አንዱ ቆም ብሎ መልቀም ሲጀምር ሌሎቹ አይተው ይከተሉታልና። ብቸኛው ዓሣ ግን ወይ ይጠብቃል፣ ወይ ይፈልጋል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ሊያደርግ አይችልም። አንገቱን ደፍቶ ቢለቅም ጠላት ይመጣበታል፤ ቀና ብሎ ቢጠብቅ ሆዱ ባዶ ይቀራል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ሦስተኛው ነው። በ2016 በአውስትራሊያ የኮራል ባሕር ውስጥ በሚኖሩ ትናንሽ አረንጓዴ ዓሦች ላይ የተደረገ ምርምር ይፋ ሆነ። ተመራማሪዎቹ አንዱን ዓሣ ለብቻው አድርገው በየሰዓቱ የሚያቃጥለውን ኦክሲጅን ለኩ። ቀጥሎም ያንኑ ዓሣ ወገኖቹን እንዲያይና እንዲያሸት አድርገው ለኩት። ከወገኖቹ አጠገብ መሆኑን ባወቀ ጊዜ በዕረፍት ላይ ሳለ የሚያወጣው ኃይል በሩብ ያህል ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ምግብ አልተጨመረለትም፤ ውሃው አልተለወጠም፤ የተጨመረለት ነገር ቢኖር የዘመዶቹ መታየት ብቻ ነው። ለአንድ ሳምንት ለብቻቸው የተቀመጡትም ዓሦች በመንጋ ከተቀመጡት ይልቅ ከስተው ተገኙ።

ይህን ለማስረዳት ፋኖስን ምሳሌ እናድርግ። የፋኖስ ክር ከፍ ሲል ብርሃኑ ይበረታል፤ ጋዙ ግን ቶሎ ያልቃል። የብቸኛ ዓሣ አካልም እንደዚሁ ክሩ ሁልጊዜ ከፍ ብሎ እንደ በራ ፋኖስ ነው። ይሰጋል፤ ልቡ ይመታል፤ ትንሹን ጥላ ሁሉ ጠላት ያደርገዋል። ስለዚህ ለሌላው አንድ ወር የሚበቃው ስንቅ ለእርሱ አይበቃውም።

አሁን በዚህ ላይ የምግብ እጥረትን እንጨምርበት። ዓሣ እንደ እኛ ደሙ ሞቃት ስላልሆነ ረሃብን ከእኛ አብልጦ ይችላል፤ ብዙ ዓይነት ዓሦች ሳይበሉ ሳምንታት ይቆያሉ። ይህንም የሚያደርጉት ካስቀመጡት በመቆጠብ ነው። በመጀመሪያ በጉበት የተከማቸውን ስኳር፣ ቀጥሎ ስቡን፣ በመጨረሻም የገዛ ሥጋቸውን እየበሉ ይኖራሉ። በመንጋ ውስጥ ያለ ዓሣ በእርጋታ ስለሚኖር ስንቁን በጥቂት በጥቂቱ ያወጣል። ብቸኛው ግን ገቢው አንሶ ወጪው የበዛ ባለቤት ነው። እንደዚህ ያለው ቤት እንዴት እንደሚፈርስ ለእናንተ፣ የወር ደሞዝ ለምትቆጥሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ መንገር አያስፈልገኝም።

ነገሩ ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። ረሃብ ራሱ ማኅበርን የሚፈታ ነገር ነው። የጠገበ መንጋ ተጠጋግቶ ይዋኛል፤ የተራበ መንጋ ይበተናል። ምክንያቱም ምግብ ጥቂት ሲሆን ጎረቤት ተሻሚ ይሆናል። የራበው ዓሣ ብዙ ጊዜ ከመንጋው ፊት ሲቀድም ይታያል፤ ፊት ያለ ምግብን ቀድሞ ያገኛልና። ነገር ግን አዳኝን ቀድሞ የሚያገኘውም እርሱው ነው። እንግዲህ ረሃብና ብቸኝነት እርስ በርሳቸው የሚጠራሩ ሁለት መዓቶች ናቸው፤ ረሃብ ከማኅበር ይለያል፣ መለየትም ረሃብን ያብሳል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ያሉት አባቶቻችን ይህን ያወቁት ኦክሲጅን ለክተው አይደለም።

አንባቢ «ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ዓሣ ነው፤ የእኛስ?» ሊል ይችላል። መልሱ ከጉና ተራራ ሥር ነው። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው ጉና ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ ሲሄዱ የሚታይ ታላቅ ተራራ ነው። ርብና ጉማራ ከእርሱ ተነሥተው ወደ ምዕራብ በፎገራ ሜዳ አቋርጠው ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ጣና ደግሞ ራሱ የተለየ ውሃ ነው። 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስለዚህ የጣና ዓሦች ከውጭው ዓለም ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት በራሳቸው መንገድ ኖረዋል። ከእነዚህም ውስጥ ዓሣ አጥማጆች ቢልጫ የሚሉት ወገን 15 ያህል ዓይነት ያለው ሲሆን፣ አብዛኞቹ በዓለም በሌላ ስፍራ አይገኙም። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ ጥቂቶቹን ለዓለም አስተዋወቀ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ የሆላንድ አገር ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው በዝርዝር መደቧቸው።

መለየት ሁልጊዜ ክፉ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። አንድ ሕዝብ በሙሉ አንድ ላይ ሆኖ ከሌላው ቢለይ የራሱን ጠባይና የራሱን ብልሃት ሊያበጅ ይችላል። ክፉው አንዱ ከወገኑ ሲለይ ነው።

ከቢልጫ ዓይነቶች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞች ይወጣሉ። ከሐምሌ ጀምሮ በጉማራ፣ በርብና በሌሎችም ወንዞች አፍ በብዛት ይሰበሰባሉ፤ ከዚያም ጎርፉን እየገፉ ወደ ገባር ወንዞች ይወጡና ንጹሕ ውሃ በሚሮጥበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የጋይንት ደጋ ልጅ በጉና ራስ ላይ ሲዘንብ ያየው ዝናብ፣ ከታች ለዓሦቹ የሠርግ ጥሪ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጥሪ ላይ ግን ሰው ወጥመድ ዘረጋ። ዓሦቹ በአንድ ስፍራ ስለሚሰበሰቡ በወንዝ አፍ የተጣለ አንድ መረብ ገና እንቁላላቸውን ያልጣሉትን እናቶች በጅምላ ያወጣል። በአንዳንድ ስፍራም የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃውን በመመረዝ ትልቁንም ትንሹንም በአንድነት የሚፈጁ ነበሩ። በጥናት እንደ ታወቀው ከ1991 እስከ 2001፣ በ10 ዓመት ውስጥ ብቻ፣ የጣና የቢልጫ ክምችት ወደ 75 ከመቶ ቀንሷል። በርብ ወንዝ ላይ የተሠራውም የመስኖ ግድብ ለገበሬው ውሃ ቢሰጥም የዓሦቹን የመራቢያ መንገድ እንደሚዘጋ ተመራማሪዎች አስጠንቅቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሊቅ ይመጣልናል። በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ዎርደር አሊ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወርቃማ ዓሦችን በተመረዘ ውሃ ውስጥ ከተተ፤ አንዳንዱን ለብቻው፣ ሌሎቹን ደግሞ 10 በ10 አድርጎ። መርዙና ውሃው እኩል ሆኖ ሳለ በማኅበር የነበሩት ከብቸኞቹ ይልቅ ብዙ ቆዩ። ምክንያቱም ከሁሉም አካል የሚወጣው ልጋግ መርዙን እየያዘ ያዘቅጠው ስለ ነበር ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ድርሻ አነሰ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው መሆኑ ነው። ከዚህና ከመሰለው ምርመራ የተነሣ ዛሬ በስሙ የሚጠራ ሕግ አለ። ይኸውም የአንድ እንስሳ ወገን ቁጥሩ ከተወሰነ በታች ሲወርድ፣ የቀሩት ምግብ ቢተርፋቸው እንኳ መልሰው መብዛት ያቅታቸዋል የሚል ነው። ጓደኛ ማግኘት፣ ጠላት መከላከል፣ መንገድ ማወቅ ሁሉ በብዙ ሆኖ የሚሠራ ነውና። ወደ ጉማራ የወጣ ቢልጫ የትዳር ጓደኛ ካላገኘ ጉዞው ሁሉ ከንቱ ነው።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ሕግ የለም አይባልም። በ1995 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 አውጥቷል። ነገር ግን ሕግን የሚያስፈጽመው ወረቀቱ አይደለም፤ በየወረዳው የተመደበ ወጣት ሠራተኛ ነው። ያም ወጣት ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት አንዱ ይሆናል። ስለዚህ ከዓሣው ወደ እርሱ እንሻገር።

ትምህርቱን ጨርሶ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ የተላከ አንድ አዲስ ሠራተኛ እናስብ። ዘመድ የለውም። አንዲት ክፍል ተከራይቶ ገብቷል። ከወሩ አጋማሽ በኋላ ደሞዙ ያልቅበታል። ባለቤቲቱ «ና ቡና ጠጣ» ብለው ቢጠሩት «መልሼ የማቀርብላቸው የለኝም» ብሎ ያፍርና «ሥራ አለብኝ» ይላል። ጓደኞቹ ለምሳ ሲወጡ «በልቻለሁ» ይላቸዋል። ማታ በሩን ዘግቶ ደረቅ እንጀራ በበርበሬ ይጎርሳል። እንቅልፍም አይወስደው፤ በቆርቆሮው ላይ ንፋስ ሲያፏጭ ይሰማል። ከሁለት ወር በኋላ አለቃው «ይህ ልጅ ሰነፈ» ይላሉ። አልሰነፈም፤ የፋኖሱ ክር ከፍ ብሎ ጋዙ እያለቀበት ነው። ያ ወጣት ድህነቱን ለመሸፈን ከማኅበር ተለየ፤ መለየቱ ግን ድህነቱን አበዛበት።

የጋይንትና የስማዳ ሕዝብ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ነበሩ፤ የምግብ እጥረት ለእነርሱ በመጽሐፍ የሚነበብ ታሪክ አይደለም። ረሃብ ቤተ ሰብ ሲበትን፣ አንዱን ወደ ሑመራ፣ አንዱን ወደ ከተማ ሲሰድ ያዩ ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህም ነው በዚያ አገር ገበሬው ብቻውን የማይጨርሰውን አጨዳ በደቦና በወንፈል የሚያነሣው፤ ሐዘኑን በዕድር፣ ደስታውን በማኅበር የሚካፈለው። ይህ የጨዋታ ልማድ አይደለም፤ በክፉ ቀን የተፈተነ የመኖር ብልሃት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ተማሪ ወይም ጀማሪ ሠራተኛ የሆንህ ወንድሜ ሆይ፣ አንቺም እኅቴ፣ ሦስት ነገር ልምከር። አንደኛ፣ መሶባችሁን አንድ አድርጉ። ሦስት ሰው ለየብቻው የሚያበስለው ሦስት ወጥ ከአንድ ትልቅ ወጥ ይልቅ ብዙ ማገዶና ብዙ ዘይት ይበላል። ሁለተኛ፣ የአቅማችሁን ትንሽ እቁብ ጀምሩ፤ ወደ ሰፈሩም ዕድር ግቡ። ሦስተኛ፣ ቡና ስትጠሩ ሂዱ። የጠሯችሁ እናት ብድር አይጠብቁም፤ ባዶ እጁን የሄደ ሰው ወሬ ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል።

ለቆያችሁትና ለተደላደላችሁትም አንድ ቃል አለን። በመሥሪያ ቤታችሁ ከምሳ ሰዓት የቀረ፣ ከጨዋታ የራቀ፣ ኮቱ የሰፋበት ወጣት ብታዩ «ኩሩ ነው» ብላችሁ አትለፉት። የራበው ዓሣ ከመንጋው የሚርቀው ወገኑን ስለ ጠላ አይደለም። ጥሩት። አንድ ጊዜ እምቢ ቢል ደግማችሁ ጥሩት።

በማኅበር መኖር ማለት ግን ሁልጊዜ ተጣብቆ መኖር አይደለም። የዓሣ መንጋም ምግብ ሲያንስ በትናንሹ ይከፈላል፤ ስጋት ሲመጣ ደግሞ ይጠጋጋል። ለማንበብና ለማሰብ ብቻን መሆን መልካም ነው። ሊፈራ የሚገባው መመለሻ የሌለው ብቸኝነት ነው።

ዛሬ ያችን የማርመላታ ጠርሙስ ባስታወስሁ ቁጥር የሚቆጨኝ ዓሣዪቱን መያዜ አይደለም፤ ልጅ ነበርሁና። የሚቆጨኝ አያቴ ነገሩን ከነገሩኝ በኋላ «ዋንዛዬ ሩቅ ነው» ብዬ ሁለት ሌሊት ማሳለፌ ነው። በመስኮታችሁ ደፍ ላይ፣ በአጠገባችሁ ጠረጴዛ፣ በጎረቤታችሁ ክፍል እንደዚያች ዓሣ ያለ ሰው ቢኖር ወንዙ እንደ ዋንዛዬ ሩቅ አይደለም። ከበሩ ደርሶ ማንኳኳት ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደዚያው ወደ ጉና ራስ ወጥተን፣ በብርዱ ላይ ለብቻው ቆሞ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ስለሚሞተው ስለ ጅብራ እንነጋገራለን። እስከዚያው በደኅና ሰንብቱ።